የማትዳሰሰው ላም

ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት መስጠት ማንም የሚችለው ተራ ነገር ነው። ሳያነቡ አስተያየት መስጠት ግን ብስለት ይጠይቃል። ሳያነቡ አስተያየት ሰጥቶ፣ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈራርሞ ነገሩን ከዳር ማድረስ ደግሞ ለጥቂት ከተሞች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። ሐይቅ ከተማ ከነዚያ ጥቂቶች አንዷ መሆኗን ያወቀችው በአምሳሉ ምክንያት ስለሆነ ባለዕዳው ናት። አምሳሉ ውለታው አልተመለሰለትም ብሎ የሚያማ ሰው ካለ ዳቦውን ረስቶታል ማለት ነው። ወደ ዳቦው እንደርሳለን።

አምሳሉ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በነዚህ ሰባት ዓመታት እኩዮቹ ባጃጅ ነድተዋል፣ አግብተዋል፣ ሁለቱ ደሴ ወጥተው ሱቅ ከፍተዋል። እሱ ግን አክስቱ እትዬ ስህን ቤት፣ ውኃውን አሻግሮ በሚያሳየው መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ በአንድ ጥቁር ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ላይ የሌለ አገር ሲያቀና ኖረ። የአገሪቱ ስም «ደመና የሚታለብባት ምድር» ነው። እዚያ አገር ሰዎች ማለዳ ማለዳ የወተት ማለቢያ ግሬራ ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ደመናውን ያልባሉ፤ ሳይታለብ የዋለ ደመና ሲመሽ ያለቅሳል። ደብተሩ ሦስት መቶ አሥራ አራት ገጽ ሞልቶ ነበር። ግልባጭ የለውም።

«ኮፒ ሳታደርገው እንዳትሰጥ» ብላው ነበር ኡሙሀኒ። ኡሙሀኒ መናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ ልጅ ናት። በከተማው ውስጥ የአምሳሉን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መስመር የምታነብ እሷ ብቻ ነበረች፤ መጀመሪያ በሥራዋ ግዴታ፣ ኋላ በገዛ ፈቃዷ።

«ዛሬ መብራት የለም እንጂ አሁኑኑ አደርግልህ ነበር። ነገ ይመጣል ኢንሻአላህ።»

«የማስረከቢያው ቀን ዛሬ ነው የሚያበቃው።»

«ቢጠፋብህስ?»

«የመንግሥት ቢሮ እኮ ነው፣ ኡሙሀኒ! የመንግሥት ቢሮ ወረቀት አይጥልም።»

በዚህ ንግግሩ አምሳሉ ፍጹም እውነት ተናግሯል።

ስሙን መጥራት የማያስፈልገው አንድ ጽሕፈት ቤት በዚያ ዓመት ዕቅዱ ላይ «የማይዳሰሱ ቅርሶችን መሰብሰብ፦ ተረት፣ ብዛት አርባ» ብሎ ይዞ፣ የማስረከቢያ ቀን ቆርጦ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ዘጠኝ ወር አልፎ የተሰበሰበው ተረት ዜሮ ነበር። ስለዚህ ኃላፊው አቶ አንዳርጋቸው ደብተሩን ያቀፈ ወጣት በሩ ላይ ሲቆም ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉት። ለእንግዳ ሳይሆን ለዕቅድ ነበር የተነሡት።

«ስንት ተረት አለበት?»

«አንድ ነው። ግን ረጅም ነው።»

«በአርባ ይከፈላል» አሉ አቶ አንዳርጋቸው፣ ደብተሩን በእጃቸው እየመዘኑ። «አብሽር! ማሳተሙን ለእኛ ተወው። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚቀረው። አንደኛ፣ ተረት ለምን እንደሚጠቅም ማብራሪያ ጽፈህ ታመጣለህ። ሁለተኛ፣ በማብራሪያው ላይ ሠላሳ የአንባቢ አስተያየት እንሰበስባለን። አስተያየቱ ጥሩ ከሆነ ደብተርህ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ካልሆነ ወደ አንተ ይመለሳል። ከሁለቱ ውጭ የት ይሄዳል?»

አምሳሉ ከሁለቱ ውጭ የት ሊሄድ እንደሚችል በሦስት መቶ አሥራ አራት ገጽ እንኳ አስቦት አያውቅም ነበርና እየሮጠ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። በአሥር ቀን ውስጥ «ተረት ውሸት አይደለም» የሚል ዘጠኝ ገጽ ጻፈ።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ተራኪ «ተረት ተረት» ሲል አድማጭ «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው በከንቱ አይደለም። ተረት ላም ናት፤ የአድማጭ ልብ በረት ነው። በረቱን የከፈተ ወተት ይጠጣል። በር ላይ ቆሞ «የማን ላም ናት? ክትባት ወስዳለች ወይ?» የሚል ግን እሱ ሲጠይቅ ላሚቱ ታልፈዋለች። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አምሳሉ እንዲህ አለ፦ «ለምሳሌ እኔ አሁን፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ሥር ሦስት ቀንድ ያላት ነጭ ላም ትኖራለች፣ ሁለቱ ቀንዶቿ ለመውጊያ ሦስተኛው ለማሰቢያ ነው ብል፣ ማንም አስተዋይ አንባቢ ላሚቱን ፍለጋ ውኃ ውስጥ አይገባም። ሦስተኛውን ቀንድ ከራሱ ውስጥ ይፈልጋል እንጂ።»

በዘጠኙ ገጽ ውስጥ «ማንም አስተዋይ አንባቢ» ከሚለው ሐረግ በቀር ውሸት እንዳልነበረ ኋላ ተረጋግጧል።

ጽሑፉን እንደ ተረት ወግ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ዘጋው።

ኡሙሀኒ ስትተይበው አራተኛው ገጽ ላይ ጣቷን አቆመች።

«ይቺን ላም አውጣት።»

«ለምን?»

«ሰው ያምንሃል።»

«ምሳሌ ናት እኮ! 'ለምሳሌ' ይላል!»

«አየሁት። እኔ አየሁት። ዓሣ አጥማጁ ኡበይድ ግን ያየዋል?»

አምሳሉ ሳቀና ላሚቱን ተዋት። ደራሲ ነዋ።

ጽሑፉ ጽሕፈት ቤቱ ሲደርስ መጀመሪያ የገባው መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት ማንኛውንም ጽሑፍ ከመጨረሻው መስመር ጀምሮ የማንበብ የቆየ ልምድ አለው፤ የአመልካች ጥያቄ የሚገኘው እዚያ ነውና። በሦስተኛው ቀን ለአምሳሉ ይህ ደብዳቤ ወጣለት፦

«ጉዳዩ፦ ተረት መመለስንና ዳቦን ይመለከታል።

አመልካች ተረቴ ይመለስልኝ፣ አፌም በዳቦ ይታበስልኝ በማለት በዘጠኝ ገጽ ያቀረቡት ማመልከቻ ደርሶናል። አንደኛውን ጥያቄ በተመለከተ ተረቱ ገና በግምገማ ላይ ስለሆነ በትዕግሥት እንዲጠባበቁ፤ ሁለተኛውን በተመለከተ ዳቦ በጽሕፈት ቤታችን ሥልጣንና ተግባር ውስጥ የማይካተት ስለሆነ ለሚመለከተው አካል እንዲያቀርቡ እናሳውቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

አምሳሉ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደርሰው ይስቃል።

ከዚያ ጽሑፉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጠፈ፤ በጽሕፈት ቤቱ ቴሌግራምም ተለቀቀ። የአስተያየት መስጫ ቅጹ አራት ዓምድ ነበረው፦ ስም፣ ቀበሌ፣ አስተያየት፣ ፊርማ። «አንብበዋል?» የሚል ዓምድ አልነበረውም። ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ነውር ነው።

የመጀመሪያው አስተያየት ሰጪ «ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ወደፊት ቢጠናከር» አሉ። ከሳቸው በኋላ የመጡት አሥራ አንድ አንባብያን «እንደ ላይኛው» ብለው ፈረሙ። አሥራ ሦስተኛው ጡረተኛ ነበሩና «እንደ ላይኛው፣ ነገር ግን የቦኖው ውኃ ከጠፋ ወር አልፎታል» አሉ። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ሙያው አስገድዶት፣ «ላሚቱ በአካባቢው መዝገብ የለችም። ሦስተኛው ቀንድ የበሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ትታይ» ሲል ጻፈ። አንዲት መምህርት «የምታስበው ላም መሆኗ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ በሬዎችም ይማሩበት» አሉ። እነሆ ሠላሳው ሳይሞላ፣ ገና በአሥራ አምስተኛው አስተያየት ላይ፣ ስለ ተረት ምንነት የተጻፈው ዘጠኝ ገጽ ስለ አንዲት ላም የተጻፈ ዘጠኝ ገጽ ሆነ።

አሥራ ስድስተኛው አስተያየት የኡበይድ ነበር። ኡበይድ አርዲቦ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ቅጹ ላይ «አይቻታለሁ» ብቻ ብሎ ፈረመ።

አምሳሉ በማግስቱ ወደ አርዲቦ ወጥቶ፣ ኡበይድን መረቡን ሲጠግን አገኘው።

«አንተ ኡበይድ፣ ምን ሆነህ ነው አይቻታለሁ ያልከው?»

«ወላሂ አይቻታለሁ! ማለት፣ ራሷን አላየኋትም። ሥራዋን ግን አየሁት። ና እየው መረቤን፤ ሦስት ቦታ ተቀዷል። ሁለት ቢሆን ዓሣ ነው እል ነበር። ሦስት!»

«ኡበይድ፣ ስማኝ። ላሟን እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

ኡበይድ መረቡን ጣለ። «አስተግፊሩላህ በል! በል ቶሎ! ፈጣሪ አንድ ነው!»

«ማለቴ፣ ከራሴ አውጥቼ ጻፍኳት።»

«እንደሱ በል ታዲያ። የጻፍካትማ ስላለች ነው። የሌለ ነገር በምን ይጻፋል?» መርፌውን አነሣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትፍራ፣ እኔ አልናገርብህም። ሰው ካስፈራራህ አስፈራራኝ በል። ግን እንዳየኻት አትካድ፤ የላም ግፍ መጥፎ ነው።»

ወሬው ከአርዲቦ ወደ ከተማው ሲወርድ የትልቁ ሐይቅ ሰዎች፣ ማለት የከተማው ነዋሪዎች፣ ተቆጡ። እነሱ እንዳሉት ላሚቱ ከጥንት ጀምሮ የነሱ ሐይቅ ላም ስትሆን ወደ አርዲቦ የተወሰደችው በጽሑፍ ነው። በቴሌግራም «ላማችን ትመለስ» የሚል ዘመቻ ተከፈተ። የአርዲቦ ወገን «የራሳችሁን ሐይቅ የሞላው የኛ ውኃ ነው፤ አሁን ላም አማራችሁ?» ሲል መለሰ። ከአምባሰል በኩል ደግሞ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ላሚቱ የምትግጠው እነሱ ተራራ ላይ መሆኑን፣ አምባሰል የተባለው ቅኝትም እሷ እምቧ ስትል የተቀዳ መሆኑን በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አስረዳ። ቪዲዮው ላይ ስለ ተረት የተጻፈውን ጽሑፍ አንብቦ እንደሆነ የጠየቀው ሰው ነበር። «ለማንበብ ጊዜ ያለው ላም የሌለው ነው» ብሎ መለሰለት። ሰባት መቶ ሰው ወደደው።

አምሳሉ ማዘን ጀመረ። ሠላሳው አስተያየት ከሞላ ቆይቷል፤ ስለ ደብተሩ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። አንድ ጠዋት ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግሩ ሄደ። እዚያ የቅኔ መምህሩ የኔታ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ፤ ልጅ ሳለ ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። ዘጠኙ ገጽ በጃቸው ነበር፤ ጠርዙ በጣት ብዛት ለስልሷል።

«አነበብኩት» አሉት። «ያራተኛው ገጽ ላም ሰባች። ግን ስለሷ የሚጠይቁ ሰዎች መጥተውብኝ ነበር። 'በመጽሐፍ ተጽፋለች ወይ?' አሉኝ።»

«ምን አሏቸው የኔታ?»

«አልተጻፈችም አልኳቸዋ!»

«እግዜር ይስጥልኝ!»

«አትቸኩል። 'ላሚቱ በመጽሐፍ ያልተጻፈች መሆኗን የኔታ ስላረጋገጡ በቃል ስትወርድ የኖረች ጥንታዊት ናት' ብለው ጻፉና አስፈረሙኝ። ዓይኔ ደክሞ ቶሎ አያነብም፤ ከፈረምኩ በኋላ ነው ያነበቡልኝ።» ፈገግ አሉ። «እኛ ዘንድ፣ ልጄ፣ ሰም የሚሰጠው ለተማሪ ነው። ተማሪ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል። አንተ ሰሙን ወስደህ ለጽሕፈት ቤት ሰጠህ። ጽሕፈት ቤት ሰም ሲያገኝ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል የኔታ?»

«ማኅተም ይመታበታል።»

ማኅተሙ የተመታው በተከታዩ ሐሙስ ነው። በአዳራሹ «የአንባብያን የውይይት መድረክ» ተጠራ። ፊት ለፊት የተሰቀለው ጨርቅ ላይ «ተረት ውሸት አይደለም» የሚለው ርእስ ታትሞ ነበር፤ ቦታ ስላነሰ ግን «ተረት» የሚለው ቃል ተቀንሶለት «ውሸት አይደለም!» ብቻ ቀርቷል። አቶ አንዳርጋቸው ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረቡ።

«የተከበራችሁ የሁለቱ ሐይቆች ባለድርሻ አካላት! ላም ስንል ላም ብቻ ማለታችን አይደለም። ላም ስንል ወተት ማለታችን ነው። ወተት ስንል ልማት ማለታችን ነው። ልማት ስንል ደግሞ ምን ማለታችን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ!» ማንም ስላላወቀ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። «አባቶቻችን 'ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ' ይሉ ነበር። ለምን? ላሚቱ የት እንዳለች በጥናት አልተለየማ! ዛሬ ግን በዚህ ወጣት ብርታት አድራሻዋ ታውቋል!»

ወጣቱ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«ይቅርታ አቶ አንዳርጋቸው። ላሟ የለችም። ምሳሌ ናት። አራተኛው ገጽ ላይ 'ለምሳሌ' ይላል።»

ከመካከል አንድ ድምፅ ወጣ።

«ለምሳሌ ማለት እኮ ሌሎችም አሉ ማለት ነው!»

ጭብጨባው ከቅድሙ በለጠ። ጸሐፊው «ቀሪዎቹ ላሞች በቀጣይ እንዲለዩ» ብሎ በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ።

«ከራሴ ነው ያወጣኋት!» ብሎ ጮኸ አምሳሉ።

«ማስረጃ አለህ?» አሉ አቶ አንዳርጋቸው፤ ቁጣ አልነበረባቸውም።

«አለኝ! ደብተሬ ላይ አለ። መጀመሪያ ያሰብኳት ዕለት ከነቀኑ ጽፌያታለሁ። ደብተሬን መልሱልኝና ላሳያችሁ።»

የአቶ አንዳርጋቸው ፊት እንደ መስከረም ፀሐይ በራ።

«ደብተሩም ላይ አለች?»

«አለች።»

«ከዚህ ጽሑፍ በፊት?»

«ከሁለት ዓመት በፊት!»

«የተከበራችሁ ተሳታፊዎች» አሉ ኃላፊው ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ስለ ላሚቱ የሚናገር ከዚህ የቀደመ የእጅ ጽሑፍ መኖሩን፣ እሱም በጽሕፈት ቤታችን እጅ መገኘቱን፣ እነሆ ሊክድ የተነሣው ሰው እንኳ መሰከረ!»

ኡበይድ ከጎኑ ተቀምጦ የአምሳሉን ጃኬት ይጎትት ነበር። «ተቀመጥ አቦ። አሁን ሙሉ በሙሉ አሳመንካቸው።»

የዚያን ዕለት ሦስት ነገር ተወሰነ። የሁለቱ ሐይቆች ጠብ በእርቅ አልቆ፣ የላሚቱ ራስ በአርዲቦ፣ ጡቷ በሐይቅ፣ ሦስተኛው ቀንዷ ወደ አምባሰል እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አፈላላጊ ኮሚቴ ተሰየመ። ደብተሩም በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ በጽሕፈት ቤቱ መግቢያ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ።

አምሳሉ ሣጥኑን ለማየት በመጀመሪያው ቀን ሄደ። ጥበቃው ዝናው ከልጅነቱ የሚያውቀው ነው፤ አብረው ኳስ ተጫውተዋል።

«መታወቂያ።»

«ዝናው፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ። መታወቂያ።»

መታወቂያውን ሰጥቶ ገባ። መስታወቱ ላይ እጁን እንዳሳረፈ ዝናው ከኋላው ዘሎ ያዘው።

«አትንካ! የማይዳሰስ ቅርስ ነው!»

«የማይዳሰስ ማለት እኮ መንካት ክልክል ነው ማለት አይደለም። በእጅ የማይያዝ፣ እንደ ዘፈን፣ እንደ ተረት ያለ...»

«ታዲያ ለምን በእጅህ ልትይዘው ትሞክራለህ?»

አምሳሉ እጁን ከመስታወቱ አነሣ። እውነትም ከውሳኔው ወዲህ በዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቃሉን በትክክል የሚሠራበት ዝናው ብቻ ነበር።

ሣጥኑ ውስጥ ደብተሩ የተከፈተው በመጀመሪያው ገጽ አልነበረም፤ በላሚቱም ገጽ አልነበረም። አስጎብኚ ሆና የተመደበችው ሳምሪ ጽሑፉ ጎላ ብሎ የሚታይበትን ገጽ መርጣ ነበር የከፈተችው። እትዬ ስህን የእህታቸው ልጅ ደብተር በመስታወት መቀመጡን ሰምተው ነጠላቸውን አጣፍተው በመጡ ዕለት፣ ሳምሪ ለጎብኚዎች በዘንግ እያመለከተች ታብራራ ነበር።

«እዚህ ላይ 'ሽንኩርት አንድ፣ በርበሬ ግማሽ፣ ጨው ሁለት' የሚለውን ትመለከታላችሁ። ጨዉ ለላሚቱ በየጊዜው ይቀርብላት የነበረውን ስጦታ ያመለክታል። ላም ጨው እንደምትወድ ይታወቃል። ሽንኩርቱና በርበሬው ገና በጥናት ላይ ናቸው።»

እትዬ ስህን አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከዚያ ደረታቸውን መቱ።

«ኧረ እመቤቴ ድረሺ! ይቺማ የኔ ጨው ናት! የፋሲካ ሰሞን ግዛ ብዬ ያስጻፍኩት! ጨዉን ረስቶ ሽንኩርት ብቻ ይዞ መጣልኝ፤ በዓሉን ከጎረቤት ለምኜ አለፍኩ!»

ሳምሪ ወዲያው ማስታወሻዋን አወጣች። «ስለዚህ ጨዉ ከእርስዎ ቤት ታስቦ ወደ ቤት አልደረሰም?»

«አልደረሰማ!»

«ታዲያ የት ሄደ ይላሉ?»

እትዬ ስህን አሰቡ። ሐይቁን በመስኮት አዩ። ወደ አምሳሉ ዞረው በቀስታ «አንተ» አሉት፣ «ለሷ ነበር እንዴ የሰጠኸው?»

ከዚያን ቀን ወዲያ አምሳሉ በገዛ ቤቱም ምስክር አጣ።

ሦስት መቶ አሥራ ሦስቱን ገጽ የከፈተው ሰው አልነበረም። አምሳሉ ሰኞና ሐሙስ በመታወቂያ እየገባ የጨው ዝርዝሩን ያነብባል። ቤት ሲመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከልቡ አውጥቶ ሊደግመው ይሞክራል። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ ሁለተኛዋ ትዘገያለች፤ ሦስተኛዋ ላይ ግሬራው ባዶ ነው። ደመናውን የምታልበው ሴትዮ በመጨረሻ ለልጇ የተናገረችው ቃል ምን እንደነበር ጠፋበት። ጥሩ ቃል እንደነበር ብቻ ያስታውሳል።

«ማመልከቻ ጻፍ» አለችው ኡሙሀኒ።

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን ሁሉ እንደሆነው። ከደብተሩ እስከ ጨዉ። ደግሞ አንዲት ምሳሌ እንዳታስገባ! ላም የለም፣ በረት የለም፣ ተረቴን መልሱ የለም። 'ደብተሬ ይመለስልኝ' ብለህ ትጨርሳለህ።»

እንዳለችው አደረገ። አንድም ቅጽል ሳይጨምር፣ ስም ሳይቀንስ፣ ቀን ሳያዛባ ሦስት ገጽ ጻፈ፤ በሕይወቱ ከራሱ ያወጣው ነገር የሌለበት የመጀመሪያ ጽሑፉ ነበር። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ሰጠው። በሦስተኛው ሳምንት ተጠራና ደብዳቤውን ከነአባሪው፣ በጋዜጣ ከተጠቀለለ ነገር ጋር ፈርሞ ወሰደ።

መናኸሪያው አጠገብ ደርሶ ሁሉንም ኡሙሀኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። እሷ ደብዳቤውን አንሥታ ጮክ ብላ አነበበች፦

«ጉዳዩ፦ ተረት መመለስን ይመለከታል።

ያቀረቡት ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ በባለሙያ ኮሚቴ ተመርምሯል። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጽሕፈት ቤት የሌለች ላም በኮሚቴ እንዳፈላለገ፣ የሽንኩርት ዝርዝር በመስታወት እንዳስቀመጠ፣ አንድን ደብተር ስለማይዳሰስ አይነካም እንዳለ የሚገልጹ፣ በየትኛውም ጽሕፈት ቤት ሊፈጸሙ የማይችሉ ነገሮች ተጠቅሰዋል። በመሆኑም ጽሑፉ ፍጹም ፈጠራ፣ ማለትም ተረት ሆኖ ተገኝቷል። የዘንድሮው የተረት ዕቅዳችን መቶ በመቶ ስለተሳካ ተጨማሪ ተረት መቀበል አንችልም። ስለዚህ ተረትዎን የመለስንልዎ መሆኑን እየገለጽን፣ ቀደም ሲል አቅርበውት የነበረው የዳቦ ጥያቄም የላሚቱን የምርቃት በዓል ምክንያት በማድረግ የተፈቀደ መሆኑን በደስታ እናሳውቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

ጋዜጣውን ፈታችው። የድፎ ዳቦ ሩብ ነበር፤ ሥሩ ላይ የኮባው ቅጠል ተጣብቆበታል።

«ደብተሩስ?»

«እሱ እውነት ነው አሉ።»

«ይሄኛውስ?» አለች ሦስቱን ገጽ በጣቷ ነክታ።

«ይሄ ተረት ነው።»

ኡሙሀኒ ሣቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። አምሳሉ ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ሰጣትና የቀረውን አፉ ውስጥ ከተተ። ጨው አንሶታል። ሁለቱም ይህን እኩል አወቁትና ዝናው ከጽሕፈት ቤቱ በር ይሰማቸው እስኪመስል ድረስ ሣቁ።

ከዚያ ልጅቱ እጇን አራግፋ ሦስቱን ገጽ ማሽኑ ላይ አስተካክላ አስተኛቻቸው። ቁልፉን ተጫነች። አረንጓዴው መብራት በራ።

«ዛሬ መብራት አለ» አለችው። «ስንት ላድርግልህ?»

አምሳሉ አፉን በእጁ ጀርባ አበሰ።

«አርባ።»